መቶኛው ቀን

ለሰው እምቢ ማለትን ማስተማር ይቻላል? የሱስ ሕክምና ውጭ አገር ተምሬ ብመለስም እስካሁን መልሱን አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ጌጡ አረቄ ከተወ መቶ ቀን ሞላው። ሐኪሙ «ከደገምክ ጉበትህ አይተርፍም» ብሎታል። እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ ሲያምርህ ብቻህን አትታገል፤ ጻፍልኝ፣ የትም ብትሆን እመጣለሁ» ብዬዋለሁ።

ዘመድ ደስታውን ሊካፈል ቤታችን ተሰበሰበ። አክስታችን እትዬ ብዙነሽ መለኪያ ሞልተው ፊቱ አስቀመጡ።

«መቶ ቀን የቻለን ሰው አንዲት ምን ታደርገዋለች? በሞቴ፣ ጌጥዬ።»

ሰው ሳቀ። ጌጡ መለኪያውን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ስለ ሕክምናው ንግግር ለማድረግ ተነሣሁ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ መለኪያውም። ስልኬን አየሁ። ከአርባ ደቂቃ በፊት፣ እዚያው ከጎኔ ተቀምጦ ጽፎልኛል።

«አሁን ና።»

«ጋሼ፣ የት ነህ?» ብዬ ላክሁ።