የሰባት ኪሎ ሻንጣ

«ስምንት ከሁለት!» አለች እታለም፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

ወንበር ላይ ቆማለች። ከታች ካለው ሽንኩርት ሻጭ የተዋሰችውን ባለ መንጠቆ ሚዛን በሁለት እጇ አንጠልጥላለች፤ መንጠቆው ላይ ትንሿ ግራጫ ሻንጣ ትወዛወዛለች።

«አውሮፕላን ውስጥ ይዞ ለመግባት የሚፈቀደው ሰባት ነው» አለች ታናሽ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ። «ካለፈ ቀምተው ከሥር ይጭኑታል።»

«ይጫኑታ! የሰው ሁሉ ሻንጣ ከሥር አይደል የሚሄደው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። እታለምም ትዝ አላትና አፏን ያዘች። ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት አሁን እሷ ለምትሄድበት የልብስ ትርኢት ከሥር አስጭናው የሄደችው ሻንጣ የደረሰው፣ ትርኢቱ አልቆ ወንበሮቹ ከተነሱ በኋላ ነበር። ዘንድሮ የተጋበዘችው ባለሱቋ አይደለችም። የግብዣው ደብዳቤ ላይ ያለው የልብስ ሰፊዋ ስም ነው፤ ያስጠራትም ሻንጣው መሀል የተኛው ካፖርት ነው። ከሱቁ ወለል ተጠርጎ ሊጣል ከነበረ ቁርጥራጭ፣ አንዱን ካንዱ እያጋባች፣ አሥራ አንድ ወር የሰፋችው። ባለሱቋ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ይኼን ድሪቶ ደግሞ ማን ሊለብሰው ነው?» ብላ ስቃ ነበር።

«ለብሰሽው አትሄጂም ታዲያ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬበት? ተጨማዶ ሊደርስልኝ?»

ታክሲው ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሻንጣውን አውርደው አልጋው ላይ ከፈቱት። ልብስ ሰፊዋ ዕቃ የምትከተው፣ ጨርቅ ላይ የልብስ ቅድ እንደምታሳርፍ ነው፤ አንድ ጣት የሚያህል ቦታ አታባክንም። ካፖርቱ ተገልብጦ መሀል ተኝቷል፤ ትከሻው እንዳይሟሽሽ ካልሲዎቹ ገብተውበታል። ሁለት ሱሪዎች ተጠቅልለው ጠርዙን ይዘዋል። ጉርድ ቀሚሱ በሁለት ፊት የሚለበስ ነው፣ ባንዱ ጥቁር፣ ባንዱ ቡናማ። ሦስቱ ሸሚዞች ከሁሉም ጋር ይሄዳሉ። ለአምስት ቀን አሥራ ሁለት ዓይነት አለባበስ! ደጋግማ ቆጥራዋለች። ከባዱን ጫማ እግሯ ላይ አድርጋዋለች፤ ዝቅ ያለው ጥቁር ጫማ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

እጇን ከሱሪው ሥር ስትሰድ የማታውቀው ለስላሳ ነገር ነካት። ጎትታ አወጣችው፤ ወፍራም ቢጫ ፎጣ።

«እታለም!»

«ምን ላድርግ? በሰው ፎጣ ልትታጠቢ ነው?»

«ሆቴል እኮ ነው!»

«ሆቴልስ ቢሆን የሰው አይደል?»

ፎጣው ወጣ። ሚዛኑ ሰባት ከስድስት አለ። ጥቁሩ ጫማ ወጣ። ሰባት ከአንድ። የሚዛኑ መርፌ እዚያው ችክ አለ። ልብስ ሰፊዋ ነጩን ሸሚዝ ከሻንጣው አንስታ ያዘችው። ከካፖርቱ ጎን ስትቆም የምትለብሰው እሱን ነው። ጫማም ሸሚዝም ከቀረ፣ በምን ልትቆም ነው? መልሳ አስቀመጠችው፤ ደግሞ አነሳችው።

«እንግዲህ ከካፖርቱ ጫፍ ትንሽ ቁረጪለት» አለች እታለም ከወንበሩ ላይ፣ ልታስቃት።

አልሳቀችም። ግን መቁረጥ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር እንደምታደርገው፣ ዓይኗ በራሱ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ መቀሱ ወደሚንጠለጠልበት ምስማር። ምስማሩ ባዶ ነው።

«መቀሴስ?»

«እኔ አልነካሁም! እሱን ነክቼ በሕይወት ልኖር?»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ እጇን ከካፖርቱ ሥር፣ ሻንጣው ወለል ድረስ ሰደደች። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ብረት አገኘች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ከሁሉ በፊት ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተው እሱን ነው። ዛሬም እጇ ሳይጠይቃት ከትቶታል።

እታለም ከወንበሩ ልትወድቅ ደረሰች በሳቅ። «ይኼን የሚያህል መቀስ ይዘሽ አውሮፕላን ውስጥ? ለፓይለቱ ሱሪ ልታሳጥሪለት ነው?»

«ኧረ በፈጠረሽ ዝም በይ!» ልብስ ሰፊዋም ሳቁ አምልጧት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የአውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ ላይ ወስደውባት ቢሆንስ ብላ ስታስብ ሳቋ ተቋረጠ፤ ከዚያ እንደገና መጣ።

ጫማው ወደ ጥጉ ተመለሰ። ሸሚዙ ተጣጥፎ ከላይ ገባ። ዚፑ ሳይጎተት ሳይታገል ዞሮ ተዘጋ። እታለም ሚዛኑን አነሳች።

«ስድስት...» አለች እታለም።

«ስድስት ከስንት?»

«ከዘጠኝ! ስድስት ከዘጠኝ!» ጩኸቷ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «ባለሱቋ ድሪቶ ብላ አልነበር? ትምጣና ትይ!»

ታክሲው ከታች ጡሩምባውን ነፋ። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ከጨርቁ አውጥታ አየችው። ሱቅ ውስጥ ማንም እንዲነካው ፈቅዳ አታውቅም፤ ባለሱቋ እንኳ አንዴ ለክር ብላ ብታነሳው ከእጇ ተቀብላታለች። በእጀታው በኩል አዙራ ለእህቷ ዘረጋችላት።

«ወረቀት እንዳትቆርጪበት።»

እታለም ሳቋን ውጣ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ተቀበለችው። «የጥፍሬን ጫፍም አልቆርጥበትም።»

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ሹፌሩ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ እየጠበቀ ነው፤ ሌላ ሻንጣ የሚከተላት መስሎት ወደ ኋላዋ አየ።

«ይኼ ብቻ ነው እንዴ እህቴ?»

«ይኼ ብቻ ነው» አለች፤ አልሰጠችውም። ጉልበቷ ላይ ልታደርገው ከኋላ ገባች።

መኪናው ሲነሳ ቀና ብላ አየች። እታለም መስኮቱ ላይ ወጥታ መቀሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ በአንድ እጇ እንኳ እንዳትሰናበታት፣ መቀሱ እንዳይወድቅባት ፈርታ፣ ራሷን ብቻ ደጋግማ ትነቀንቃለች።