ጅራት ያወጡት መንታ አለቶች

ትብለጽ ሦስት ዓመት የለፋችበትን የዶክትሬት ጥናት ለፈታኞቿ አቀረበች።

«ይህ የጠፈር አለት በፍጥነት ሲሽከረከር ለሁለት ተከፍሏል» አለች። «በውስጡ ታፍኖ የኖረው በረዶም ፀሐይ ሲያገኘው አቧራ መትፋት ጀመረ። አሁን ሁለቱ እርስ በርስ እየተዟዟሩ እንደ ጅራታም ኮከብ ጅራት አውጥተዋል።»

አማካሪዋ ፕሮፌሰር አምኃ በንቀት ሳቁ። «ያየሽው የቴሌስኮፕ እድፍ ነው! ይህን የሚያምን ሰው ሳይንስ አያውቅም። ወድቃለች በሉና እንሂድ።»

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ዶክተር ሽታዬ፣ ከቦርሳቸው አንድ ጽሑፍ አወጡ።

«አንድ መጽሔት ባለፈው ወር ገምግሚ ብሎ የላከልኝ ነው» አሉ። «ስለ እነዚሁ ሁለት አለቶችና ስለ ጅራታቸው ያትታል። ፕሮፌሰር፣ ብቻዬን አገኘኋቸው ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት።»