በክሮኖስ ቀን

ጌታው የወይን ማሰሮውን አቅፎ ሲቀርባት ባሪያይቱ ሉዴ ጽዋዋን ዘረጋችለት እንጂ ቀና ብላ አላየችውም። በአቴና አገር አዝመራው ገብቶ የክሮኖስ በዓል ሲደርስ ጌታ ተነሥቶ ባሪያውን ያበላል፤ ክሮኖስ፣ ልጁ ዜውስ ከዙፋኑ የጣለው የጥንቱ አምላክ፣ ሲነግሥ ጌታም ባሪያም አልነበረም አሉ። የእሷን ሴት ልጅ ግን ይኸው ሰውዬ ትናንት ለቆሮንቶስ ነጋዴ ሸጧታል፤ ነገ ማለዳ መርከብ ላይ ትወጣለች።

«እመቤቴ፣ እዘዢኝ እንጂ!» አለ ጎንበስ ብሎ። ባሪያዎቹ ሳቁ።

«ልጄን መልስልኝ።»

ሳቁ ቆመ። «ሌላ እዘዢ። እግሬን እጠብ በይኝ፣ ዝፈን በይኝ።»

«ዘፈንህ ምን ያደርግልኛል? ልጄን አምጣ!»

«አንቺ ሴት፣ ንግሥናሽ እኮ የዛሬ ብቻ ነው» አላት ጥርሱን ነክሶ። «ነገ እንተያያለን።»

ሉዴ አሁን ቀና ብላ አየችው። «ክሮኖስም ልጆቹን እየዋጠ ዘላለም የሚነግሥ መስሎት ነበር። ማን ጣለው? የገዛ ልጁ አይደለም?»

ጌታው ሳያስበው ወደ ኋላ ዞረ። ጢም ያበቀለው ወንድ ልጁ የዳቦውን ቅርጫት ይዞ ቆሟል። እንደ ባሪያዎቹ አላቀረቀረም፤ አባቱን ትክ ብሎ ያያል፣ ፈገግም ብሏል። ጌታው ማሰሮውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ምን ያስደነብርሃል?» አለችው ሉዴ ጽዋዋን አፍንጫው ሥር አስጠግታ። «ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቅዳ!»