የጌታሰው ፈቃድ

ጠዋት እንደወትሮው ልጄን ትርሲትን ትምህርት ቤት አድርሼ ሁለት ሰዓት ላይ ፋብሪካው ደረስኩ። ሥራዬ የሠራተኞችን ማውጫ መጠበቅ ነው። ከማውጫው የተሰረዘ ሰው በር አይከፈትለትም፤ ፊቱም በየትኛውም ስክሪን ላይ፣ በቤተሰቡ ስልክ ውስጥ እንኳ፣ አይታይም። የሞተ ሰው አርባው ሲወጣ ይሰረዛል።

በሩ ላይ ሃምሳ ያህል ሠራተኞች ቆመው ነበር።

«ወይዘሮ የሺመቤት፣ በሩ እምቢ አለ» አሉኝ ዘበኛው ጋሽ ይመኑ። «የፈረቃ አለቃቸው ካልገባ አላስገባም ይላል።»

«ታዲያ ከመቃብር ቀስቅሰን እናምጣው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝም በል አንተ! ሚስቱ እኮ ናት!»

ቢሮዬ ገብቼ ማውጫውን ከፈትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የባለቤቴ የጌታሰው አርባ በወጣ ማግስት መሰረዝ ሲገባኝ፣ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው ብዬ መዘገብኩት። ፈቃዱ ትናንት አልቋል፤ ማውጫው ዛሬ ሥራ ይገባል ብሎ እየጠበቀው ነው። እሱ ካልተሰረዘ ደግሞ ሌላ አለቃ አይሾምም። ቀን ልጨምርለት ሞከርኩ። በሕይወት ሳለ ያላረፈበትን የሦስት ዓመት ፈቃድ ጨርሶታል።

ጋሽ ይመኑ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው» አሉኝ።

«ይግቡ» አልኩና ሰረዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ትርሲት ስልኬን ስትነካካ ቆየችና «እማዬ፣ ስልክሽ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተበላሸም» አልኳት።

በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ኮቱ አለ፤ እጁም ትከሻዋ ላይ አለ። ፊቱ የለም።