ወደ ቂብላ የዞረው አልጋ

ከማሉዲን በአንድ እጁ አልጋውን ይጎትታል፤ በሌላው ከሚስቱ እግር በገመድ የተንጠለጠለውን የአምስት ኪሎ የሚዛን ብረት አቅፏል። ላብ በላብ ሆኗል።

"ብረቱን እንዳትለቀው" አለችው ሀምዳ ከአልጋው ላይ ሆና። "ሦስት ወር የተኛሁለትን እግር በአንድ ጠዋት እንዳታበላሸው።"

የወደቀችው ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ከገዛ ደጃፏ ላይ ነበር። የዳሌዋ አጥንት ሲሰበር ድምፁን በጆሮዋ ሰምታዋለች። አዋሽ ላይ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ከአልጋ አይወርድም ይባላል፤ ከወረደም በቃሬዛ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እሸቴ ግን እግሯን በፋሻ ጠቀለለው፤ ገመድ አሰረበት፤ ከሱቃቸው ሚዛን ላይ ብረቱን አንስቶ አንጠለጠለበትና ዘጠና ቀን እንዳትነቃነቅ አዘዛት። ከዚያ ወዲህ ከማሉዲን ስኳር የሚሸጠው በጣሳ እየሰፈረ ነው።

ዛሬ ዘጠናኛው ቀን ነው። እሸቴ መጥቶ ብረቱን ይፈታል። አጥንቱ ከገጠመ ትቆማለች፤ ካልገጠመ እዚያው አልጋ ላይ ትቀራለች። ሦስተኛ ነገር እንደሌለ ሳይደብቅ ነግሯታል።

ሦስት ወር ሙሉ ፊቷ ወደ በሩ እንደሆነ ነው የሰገደችው። የታመመ ሰው ባለበት ይሰግዳል፣ አላህ ያውቃል እያለ ባሏ ያጽናናት ነበር። ዛሬ ግን እምቢ አለች። የሚፈረድባት ከሆነ ፈራጁን ፊት ለፊት ለምናው ይሁን። ስለዚህ አልጋው ዞረ፤ እግሯ ወደ ሰሜን፣ መካ ወዳለችበት ወደ ቂብላ ሆነ። ከማሉዲን ነጠላዋን እስከ አገጯ አለበሳትና ድሬሰሩን ሊጠራ ወጣ።

ጎረቤቷ ሙስሊማ የግመል ወተት ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። ከወሎ አብረው የወረዱ ሴቶች ናቸው። ሙስሊማ አየች፤ አልጋው ዞሯል፣ ሀምዳ በጀርባዋ ተዘርግታለች፣ ዓይኗ ተከድኗል። በአገራቸው አልጋ እንዲህ የሚዞረው ነፍሱ ልትወጣ ለደረሰች ሰው ነው።

"እቴ ሀምዳ?" አለች።

ሀምዳ ሰምታለች። ግን ሶላት ላይ ነች፤ ሶላት ደግሞ ለወተት አይቆረጥም። ሙስሊማ ደግማ ጠራች። መልስ ስታጣ ወተቱን አስቀመጠች፣ ኢና ሊላሂ አለች፣ ሬሳ አጣቢ እስክትመጣ በሩን እንደ ወጉ ዘጋችና ወጣች። ጩኸቷ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሀምዳ አሰላሙ አለይኩም ብላ ሶላቷን ስትጨርስ ግቢው ሞልቷል። አለሁ ብላ ተጣራች፤ በዚያ ልቅሶ ላይ የእሷ ድምፅ ምን ሊሆን! ሁለቴ ሞክራ ተወችውና ማዳመጥ ጀመረች።

በውሃ ወረፋ ተጣልታ ዓመት ተኩል ያኮረፈቻት አሰፋሽ ከሁሉ በላይ ታለቅሳለች፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል ትላለች። ሹፌሩ ጣሃ ከሰርዶ በመጣ ቁጥር ሾርባ ታቆይለት እንደነበር ድምፁ እየተቆራረጠ ይናገራል። ከተማ የሚባለው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከግድግዳው ላይ አስደግፎ መሆን አለበት፣ ለእድሩ ድንኳን ካስማ ሲመታ ይሰማታል። አንዱ ስንት ዓመቷ ነበር ብሎ ጠየቀ፤ አሰፋሽ ልቅሶዋን አቋርጣ ሰማንያን አልፋለች አለች። እዚህ ላይ ሀምዳ ተናደደች። ሌላው ሌላው ግን ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ብቻዋን አፈረች።

ድንገት ልቅሶው ረገብ አለ። የከማሉዲን ድምፅ መጣ። "ማን?" ብቻ ነበር ያለው።

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ይህን ፊቱን ግን አይታው አታውቅም።

"ምን ሆነሃል?" አለችው። "ድሬሰሩን አስገባው እንጂ።"

መጥቶ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ፤ የደህና እግሯን ጣት ጨበጠ። ከኋላው ሙስሊማ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ከግቢው አንድ ሰው፣ መቃብር ሊቆፍሩ የሄዱትን መልሱ እያለ ይሮጣል።

እሸቴ አልጋውን ማን እንዳዞረው ጠየቀ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ።

"ተረከዝዎን ከፍራሹ ያንሱ፣ እትዬ።"

እግሯ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ ተነሳ፤ ሁለት ጣት ያህል። እየተንቀጠቀጠ ቆየ።

"ያመዎታል?"

"ያመኛል።"

"የት ላይ?"

"ጉልበቴን።"

"ዳሌዎንስ?"

ሀምዳ ያንን ሕመም ሦስት ወር ከኖረበት ቦታ ፈለገችው። ቤት ውስጥ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ቀስ ብላ፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ፈለገች። የለም።

ከማሉዲን በአንድ ወገን፣ እሸቴ በሌላው ደገፏት። ወለሉ ከእግሯ ስር ሸካራና ጠንካራ ነበር። አንድ እርምጃ፣ እረፍት፤ አንድ እርምጃ፣ እረፍት። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው፤ ሰባቱን ጨረሰቻቸው። ሕዝቡ ወደኋላ አፈገፈገ።

አሰፋሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ይህን ሁሉ አስለቅሰሽኝ" አለች በቁጣ።

"ሰማንያ ያልሽው አንቺ ነሽ?" አለቻት ሀምዳ።

ከተማ የድንኳኑን የመጨረሻ ገመድ እንደያዘ ቆሟል፤ ይሰር ወይስ ይፍታ ግራ ገብቶታል። ሸራው ከላዩ ይርገበገባል።

"እሰረው፣ ልጄ" አለችው። "ፀሐዩ ከሯል።"

ከተማ ገመዱን ስቦ አጠበቀው። ጥላው በደጃፉ አሸዋ ላይ ተዘረጋና ሁለቱንም እግሮቿን ሸፈናቸው።