የእጮኛዋ ዓይን

በከተማው የመጀመሪያዋ ሴት ቦክሰኛ ናት፤ ያም አልበቃት ብሎ የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን በረኛም ሆናለች። ባሕር ዳር ተጫውታ ስትመለስ፣ ገና ሰፈር ከመድረሷ ጎረቤቶቿ በሳቅ ተቀበሏት።

«ምናለ እስክትጋቡ እንኳ ብትታገሺው?»

«ማንን?»

«አንዷለምን ነዋ! አንድ ዓይኑ አብጦ ድንች አክሏል።»

እጮኛዋን ከሄደች ወዲህ በዓይኗም አላየችውም። ደውላ ብትጠይቀው «በር መትቶኝ ነው» ብሎ ዘጋባት።

ግራ እንደገባት ቤቷ ገባች። እናቷ ቡጢ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ልጃቸው ስትጋጠም ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚጸልዩ ሴት ናቸው። አሁን ቀኝ እጃቸውን ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል።

«ያ አንዷለም መጥቶ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከሠርጉ በኋላ ቦክሱንም ኳሱንም አስተዋታለሁ አለኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሎት!»

«ታዲያ ምን ተባባላችሁ?»

እናቷ ያበጠ አውራ ጣታቸውን ከውኃው አውጥተው እያገላበጡ አዩት።

«እኔ የምልሽ፣ ልጄ… ቡጢ ስትጨብጪ አውራ ጣት ከውስጥ ነው ከውጪ የሚሆነው?»