እማማ ደብሪቱ ስልኩ ላይ «ደህና ነኝ» አሉ

«እማማ! እግርዎ እንዲህ እስኪሆን ምን ይጠብቁ ነበር?!»

ነርሱ ባየው ጮኸባቸው... ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

እማማ ደብሪቱ አቀረቀሩ። ከአንኮበር ገጠር በቃሬዛና በመኪና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የገቡት ያን ዕለት ጠዋት ነው። የስኳር ታማሚ ናቸው። የቀኝ እግራቸው ቁስል ጠቁሯል...

ባየው የሚከታተላቸው በስልክ ነበር። ታማሚ ከሩቅ እየመጣ እንዳይንገላታ ተብሎ የተጀመረ አገልግሎት ነው። ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን ታብሌቱ ላይ ይሞላል።

ፍጥነቱ ደግሞ ለጉድ ነው! አለቆቹ ሳይቀሩ አጨብጭበውለታል።

«በየሳምንቱ ስደውልልዎት ደህና ነኝ አላሉኝም? ለምን ዋሹኝ?»

«ኧረ በሞትኩት! አልዋሸሁም ልጄ...» አሉ ደንግጠው። «እንዴት ነዎት አልከኝ፣ ይመስገን ደህና ነኝ አልኩህ። የሰው ሰላምታ ሳይመልሱ በሽታ ይዘረዘራል እንዴ? ከዚያ እግሬን ልነግርህ ስል... በሉ በርቱ ብለህ ዘጋኸው።»

ባየው ክው አለ።

እሱም እዚያው አንኮበር የጎረቤላ ልጅ ነው እኮ! እናቱ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት እንኳ መጀመሪያ «ይመስገን» ነበር የምትለው። ጎረቤት ደጋግሞ ሲጠይቃት ነው ሕመሟን የምታወጣው።

ይህን አሳምሮ ያውቃል... ግን ይቸኩላል።

«ታዲያ መልሰው አይደውሉልኝም ነበር?» አለ። ድምፁ ወርዷል።

«መደወሉን አላውቅበትም። ማንሳቱን ብቻ ነው ያሳዩኝ። መልሶ ይደውል ይሆናል እያልኩ ጋራው ላይ ቁጭ እላለሁ...»

«የምን ጋራ?»

«ኔትወርክ ያለው እዚያ አናቱ ላይ ነዋ! አንተ የምትደውልበት ቀን ማልጄ እወጣለሁ። ቁስሉም ያመረቀዘው በዚያ ዳገት ነው... ብቀር ደግሞ ትቀየመኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ወገኖቼ... ባየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ለዚያች ለተጣደፈች የስልክ ጥሪው ነው በቆሰለ እግራቸው ዳገት ሲወጡ የከረሙት!

አፈረ።

እሳቸው ግን እጁን ያዙት። «አይዞህ፣ አንተ ምን አደረግህ... የሚጠይቀኝ ሰው አለ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።»

በማግሥቱ እግራቸው ተቆረጠ።

መደወል ብቻውን መጠየቅ አይደለም። አገልግሎቱ ገጠር ደረሰ የምንለው፣ የደወለው ሰው መልሱን እስከ መጨረሻው ሲሰማ ነው።

እናንተስ... ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ስትደውሉ፣ «ደህና ነን» ካሏችሁ በኋላ ምን ያህል ትቆያላችሁ? ሳታፍሩ እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉ።